ወንበሬ ወደ ኋላ የሸሸ ዕለት

ባለፈው ክረምት አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አጎቴ ሊጠይቁን መጡ። ቡናው እስኪፈላ ድረስ ዓይናቸው በምግብ ጠረጴዛችን ጠርዝ ላይ በሁለት ማጥበቂያ ታስሮ በቆመው መሪ ላይ አርፎ ቆየና «ይህ ደግሞ የምን መኪና ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። በኮምፒውተር ላይ የመኪና ውድድር የምለማመድበት መሣሪያ መሆኑን፣ ጎማው መሬት ላይ የሚያጋጥመውን ሁሉ ሞተሩ ወደ እጅ እንደሚመልስ በኩራት አስረዳኋቸው። ጋሼ እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ የሚያሽከረክሩ፣ ዛሬም ድረስ የድሮ ቮልሳቸውን በራሳቸው እጅ እየፈቱ የሚገጥሙ ሰው ናቸው። «እስቲ ልየው» ብለው በቢሮ ወንበሬ ላይ ተቀመጡ።

የጣሊያኑን የሞንዛ የውድድር መንገድ ከፈትኩላቸው። የመነሻው ቀጥ ያለ መንገድ ሲያልቅ መኪናው በሰዓት ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረረ ወደ መጀመሪያው ጠመዝማዛ ይደርሳል፤ እዚያ ፍጥነቱን በጣት በሚቆጠር ሰከንድ ውስጥ ወደ ሲሶው ማውረድ ያስፈልጋል። «አሁን ፍሬን ይያዙ ጋሼ!» አልኩ። እርሳቸውም ዕድሜ ልካቸውን እንደለመዱት አድርገው ያዙት። በዚያ ቅጽበት ባለ አምስት ጎማው ወንበር ጋሼን እንደተሸከመ ወደ ኋላ ተንሸራትቶ ከሶፋው ጋር ተላተመ፤ እግራቸው ከፔዳሉ ተለየ፤ መኪናው በስክሪኑ ላይ ማንም ሳይይዘው ከመንገድ ወጣ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ጋሼ ግን አልሳቁም፤ ጎንበስ ብለው ፔዳሉን አዩና «ፍሬን የያዝኩት እኔ፣ ወደ ኋላ የሄደው ወንበሩ» አሉ።

ይህ ንግግር ለሳምንት ያህል ከጆሮዬ አልጠፋም። የከነከነኝ ወንበሩ መሸሹ አልነበረም፤ ወንበሩ እንደሚሸሽ አስቀድሜ አውቅ ነበር። ለስድስት ወር ያህል የኋላ ጎማዎቹን በአሮጌ ጫማ እየደገፍኩ፣ ይባስ ብሎም እንዳይሸሽ ስል ፍሬኑን በቀስታ መርገጥን ተለማምጄ ነበር። ለካ መሣሪያው እንደ መኪና እንዲሆንልኝ ስደክም፣ እግሬን እንደ መሣሪያው አድርጌ አሠልጥኜዋለሁ።

እንዴት እዚያ እንደደረስኩ ብናገር፣ እንዲህ ያለ ነገር በቤቱ ለማቆም ለሚያስብ ሰው ይጠቅም ይሆናል። እህቴ ለጥምቀት ከጀርመን ስትመጣ በየ23 ኪሎው ሁለት ሻንጣ ነበራት፤ ከዚያ ውስጥ ለእኔ የተፈቀደልኝ የአንዱ ግማሽ ነበር። በዚያ ክብደትና ባጠራቀምኩት ገንዘብ ምን ላስመጣ ብዬ ለወራት ካነበብኩ በኋላ ሁሉንም በመሪው ላይ አዋልኩት፤ ፋናቴክ በ2021 ያወጣውን ሲ ኤስ ኤል ዲ ዲ የተባለውን፣ መሪው ያለ ጥርስና ያለ ቀበቶ በቀጥታ በሞተሩ ዘንግ ላይ የሚገጠምበትን ዓይነት አስመጣሁ። ፔዳሉን ግን በዚሁ በአዲስ አበባ ከአንድ ልጅ ላይ ያገለገለ ገዛሁ፤ ስሙን ልተወው። ፔዳል ፔዳል ነው፣ ዋናው ነገር እጅ የሚይዘው ነው ብዬ አምን ነበር። መሪ ከፊት ለፊት የሚታይ ነገር ነው፤ ፎቶ የሚነሣውም እርሱ ነው። ፔዳል ጠረጴዛ ሥር ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ግራ የሚያጋባ ነበር። በተከታታይ አሥር ዙር ብነዳ፣ አንዱን ዙር እንደ ሌላው መድገም አልቻልኩም። አንድ ጊዜ ፍሬን ቀድሜ እይዝና መኪናው ከጠመዝማዛው በፊት ይሞትብኛል፤ በሚቀጥለው ዙር በዚያው ቦታ፣ በዚያው ምልክት ላይ እይዝና ቀጥ ብዬ አልፋለሁ። ችግሩ መሪው አቅም ስላነሰው ነው ብዬ ደመደምኩ። የእኔ ሞተር ከ90 ዋት የኃይል ማቅረቢያ ጋር 5 ኒውተን ሜትር ጉልበት ይሰጣል፤ በ180 ዋቱ ማቅረቢያ ሲተካ 8 ይደርሳል። ጋሼ በመጡበት ሰሞን ያንን ማቅረቢያ እንድትልክልኝ ለእህቴ ልጽፍላት የቀረኝ ጥቂት ነበር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው።

ቮልሱ ውስጥ

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጋሼ ቤት ሄድኩ። ቮልሱ ግቢው ውስጥ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ቆሟል። ሞተሩን ሳያስነሡ ከሾፌሩ በኩል አስቀመጡኝና ራሳቸው በተከፈተው በር አጠገብ በርጩማ ስበው ተቀመጡ። «ዓይንህን ጨፍን። ቀኝ እግርህን ፍሬኑ ላይ አድርግ። አሁን ሩቡን ያዝ።» ያዝኩ። «ግማሹን።» ጨመርኩ። «በደንብ፤ ሰው መንገድ ላይ ገብቶብሃል።» ባለኝ ኃይል ረገጥኩት። «አሁን ወደ ግማሹ ተመለስ።» ተመለስኩ። ከዚያም ጥያቄያቸው መጣ፤ «ፔዳሉ ምን ያህል ሄደ?»

መልስ ለመስጠት አፌን ስከፍት መልስ እንደሌለኝ ገባኝ። መጀመሪያ ላይ ያለችውን ልል ክፍተት ካለፈ በኋላ ፔዳሉ የሄደው ከጣት ውፍረት የሚበልጥ አልነበረም። በሩብና በግማሽ፣ በግማሽና በሙሉ መካከል የነበረው ልዩነት የርቀት አልነበረም፤ የክብደት ነበር። ሩቡን ስይዝ ቁርጭምጭሚቴ ብቻ ሠራ፤ ግማሹ ላይ ባቴ ገባበት፤ ሙሉው ላይ ጭኔና ወገቤ ወንበሩን ገፉት። ወደ ግማሹ ተመለስ ስባል የተመለስኩት ወደ አንድ ቦታ ሳይሆን ወደ አንድ የድካም መጠን ነበር፤ ያንንም ያለምንም ማመንታት አገኘሁት። ስድስት ወር ሙሉ ያልቻልኩትን ነገር በቆመ መኪና ውስጥ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ በመጀመሪያው ሙከራ ቻልኩት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ትምህርት በእኔ ቪትዝ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ያሳስተኝ ነበር። በአሁኖቹ የቤት መኪናዎች ላይ እግርን የሚያግዝ፣ የሞተሩን የአየር ስበት የሚጠቀም መሣሪያ ስላለ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ጊዜ ከተረገጠ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይደርቃል። የድሮው ቮልስ እንዲህ ያለ አጋዥ የለውም፤ እግር የገፋው ዘይት በቀጥታ ጎማው ድረስ ይሄዳል፤ ሞተሩ ቢነሣም ቢጠፋም ፍሬኑ ያው ነው። የውድድር መኪናም በአብዛኛው እንደዚሁ አጋዥ የለውም። ጋሼ ይህን አስበው እንዳደረጉት ጠይቄያቸው አላውቅም፤ ይመስለኛል ግን ሌላ ዓይነት ፍሬን ለእርሳቸው ፍሬን አይደለም።

እግር የሚያስታውሰው

ቤቴ ገብቼ ያንን ርካሽ ፔዳል በብሩጎላ ፈታሁት። ውስጡ ያለው አንድ ሞላና አንድ የጥንት ሬድዮ ድምፅ መጨመሪያን የመሰለች ተዟዟሪ ዕቃ ናት። ፔዳሉ ሲወርድ እርሷ ትዞራለች፤ ኮምፒውተሩም የዞረችበትን መጠን አንብቦ ፍሬን ነው ይላል። ማለትም ይህ ፔዳል የሚያውቀው እግሬ የሄደበትን መንገድ እንጂ የጣለውን ክብደት አይደለም። ሞላው ለስላሳ ስለሆነ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እግር የሚሰማው ተቃውሞ ተመሳሳይ ነው ለማለት ይቻላል፤ በ60 በመቶና በ75 በመቶ መካከል ያለውን ልዩነት ቁርጭምጭሚቴ በሚሊ ሜትር ለክቶ እንዲያስታውስ እጠብቅበት ነበር። በላዩ ላይ የአዲስ አበባ አቧራ ተዟዟሪዋ ውስጥ ገብቶ ንባቡን ያዘልለው እንደነበረም ያን ዕለት ገባኝ። ከእጅ አይሻል ዶማ የሚባለውን እኔ በእግሬ አገኘሁት።

ሌላኛው ዓይነት ሎድ ሴል ይባላል። ስሙ እንግዳ ቢመስልም ነገሩን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሥጋ ቤትና ሱፐርማርኬት ውስጥ ያለው ዲጂታል ሚዛን ሆዱ ውስጥ ያለው እርሱ ነው። አንድ ቁራጭ ብረት ላይ ቀጫጭን የብረት ክሮች ተለጥፈውበታል፤ ብረቱ ሸክም ሲያርፍበት ዓይን የማያየውን ያህል ይጎብጣል፤ ክሮቹም አብረው ሲለጠጡ የኤሌክትሪክ ተቃውሟቸው ይለወጣል። ያ ጥቃቅን ለውጥ ተጎልብቶ ቁጥር ይሆናል። እንዲህ ያለው ፔዳል ምን ያህል ወረድክ ብሎ አይጠይቅም፤ ስንት ኪሎ ጣልክብኝ ነው የሚለው። ለእግር እንዲመች ከፊቱ ጠንካራ የጎማ ቁራጭ ይደረግለታል፤ ጎማው በጠነከረ ቁጥር ፔዳሉ የሚሄደው መንገድ ያጥራል፤ ንባቡ ግን አይበላሽም።

ታዲያ ይህ ነገር በእውነተኛ መኪና ውስጥ ከሚያስፈልገው ይልቅ በቤት ውስጥ የበለጠ የሚያስፈልግ መሆኑን ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። መንገድ ላይ ፍሬን ስንይዝ የሚነግረን እግራችን ብቻ አይደለም። ደረታችን ቀበቶው ላይ ይጫናል፣ አንገታችን ወደ ፊት ይወድቃል፣ የመኪናው አፍንጫ ሲደፋ ወገባችን ያውቀዋል፣ ጆሯችን ውስጥ ያለው ሚዛን ጠባቂ አካል መቀነሳችንን ይመሰክራል። ሳሎን ውስጥ እነዚህ ሁሉ ምስክሮች የሉም። ስክሪኑ በረርክ ሲል ሰውነት ተቀምጫለሁ ይላል። መሪው የፊት ጎማውን ነገር ይነግረናል፤ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ፍሬን ስንይዝ ግን የሚለው ነገር ብዙ አይደለም። ስለዚህ ከአምስቱ ምስክሮች አራቱ በሌሉበት ችሎት የሚቀረው አንዱ ምስክር እግር ነው። ያንን አንዱን በለስላሳ ሞላ ላይ አስቀምጬ በመሪው ላይ ገንዘቤን መጨረሴ ዛሬም ሲያስገርመኝ ይኖራል።

ሌላም አለ፤ ፍሬን መያዝ ከመልቀቅ ይቀላል። የውድድር መኪና በፍጥነት ሲሄድ አየሩ ከላይ ስለሚጫነው ጎማዎቹ መሬቱን አጥብቀው ይይዛሉ፤ በዚያን ጊዜ ፍሬኑን አጥብቆ መርገጥ ይቻላል። ፍጥነቱ በቀነሰ መጠን የአየሩ ጫና ይቀንሳል፣ የጎማው አቅምም አብሮ ይወርዳል፤ እግርም ያንን ተከትሎ ክብደቱን በዝግታ ማንሣት አለበት። ወደ ጠመዝማዛው መሪ ማዞር ሲጀመር ደግሞ ጎማው አቅሙን ለመቆምና ለመታጠፍ ስለሚያካፍል፣ የቀረችው የፍሬን ክብደት እንደ ጭስ መሳሳት ይኖርባታል። በርቀት በሚለካ ፔዳል ይህንን ማድረግ ለእኔ በጨለማ ደረጃ ከመውረድ ጋር የሚመሳሰል ነበር፤ አንድ ደረጃ ወርጄ ሌላው የት እንዳለ አላውቅም ነበር።

አዲሱ ፔዳል ሳይመጣ በፊት ነገሩን ላረጋግጥ ብዬ የሰውነት ክብደት መመዘኛችንን ግድግዳ ላይ አስደግፌ፣ ጀርባዬን ለሶፋው ሰጥቼ፣ መሬት ላይ ተቀምጬ በቀኝ እግሬ ገፋሁት። 30 ኪሎ እስኪል ድረስ እያየሁ ጥቂት ጊዜ ከተለማመድኩ በኋላ ዓይኔን ጨፍኜ እየገፋሁ ባለቤቴ ቁጥሩን እንድታነብልኝ አደረግሁ። 29፣ 31፣ 30፣ 28፣ 31። ከ28 በታችና ከ32 በላይ አንድም አልወጣም። ባለቤቴ ስለ ጤንነቴ ምን እንዳሰበች አልጠየቅኋትም።

ብረቱና ብየዳው

ለመስቀል የመጣ የሥራ ባልደረባዬ ሎድ ሴል ያለውን የፍሬንና የነዳጅ ፔዳል አመጣልኝ። ፍሪሲዮን አላዘዝኩም፤ የምነዳቸው መኪናዎች ማርሻቸው ከመሪው ጀርባ በጣት የሚቀየር ስለሆነ፣ ከመነሻው መስመር በቀር ለግራ እግሬ የሚሠራው ፍሬን ብቻ ነው። የነዳጁ ፔዳል ቀላል ይሁን ከባድ ብዙም አላሳሰበኝም፤ እዚያ ላይ ርቀት መለካቱ ትክክል ነውና።

ነገር ግን ፔዳሉ ከሻንጣ ወጥቶ መሬት ላይ ሲቀመጥ፣ ወንበሩ ከበፊቱ የባሰ ችግር ሆነ። 40 ኪሎ ወደ ፊት የሚገፋ እግር ጀርባን በ40 ኪሎ ወደ ኋላ ይገፋል። ስለዚህ ፔዳልና ወንበር በአንድ አካል ላይ ካልታሰሩ ፍሬን የሚይዘው ሰው የሚገፋው ራሱን ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ በማጥበቂያና በጫማ የያዝኩት ሁሉ ተራ በተራ ተፈታ። ውጭ አገር ያሉ ሰዎች ለዚህ የሚጠቀሙት ቦይ ቦይ ያለው የአሉሚኒየም ዘንግ ነው፤ ጥሩ ነገር ነው፣ በብሎን ብቻ ይገጣጠማል፣ ሲፈለግ ይረዝማል ያጥራል። በሻንጣ ግን አይመጣም። የእኛ ሠፈር ብየዳ ቤት ያለው አርኤችኤስ ነው፤ የበርና የመስኮት ብረት። 40 በ40 ሚሊ ሜትር፣ ግድግዳው 2 ሚሊ ሜትር የሆነውን መረጥኩ። ስለ ጥንካሬ ብቻ ከሆነ ማንም አሉሚኒየም አይናፍቅም።

በያጁ የሠራሁትን ሥዕል አይቶ «ይሄ የምን አልጋ ነው?» አለኝ። ቁም ነገሩን ስነግረው ሥራውን እንደ ክብር ጉዳይ ያዘው፤ እኔ ግን በቶሎ ይለቅልኝ ብዬ ወጥሬ ያዝኩት። የፔዳሉን ማስቀመጫ በትክክለኛው ቦታ ላይ ነው ብዬ በሜትር ለክቼ አስበየድኩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ ቤት ወስጄ ስቀመጥበት ጉልበቴ ከሚገባው በላይ ተዘረጋ፤ ለካ ስለካ የተቀመጥኩት በጠንካራ በርጩማ ላይ ነበር፣ የመኪና ወንበር ግን ከኋላ ይሰምጣል። ብረቱ ተመልሶ ሄዶ ተቆረጠ። በሁለተኛው ጊዜ በያጁ ራሱ ክብ ቀዳዳ በመብሳት ፈንታ ረዘም ያለ ስንጥቅ አወጣለትና «ብሎኑን አላልተህ ወዲያና ወዲህ ትስበዋለህ» አለኝ። ይህን ሐሳብ ከእኔ የብዙ ወር ንባብ ያላገኘሁት ነው። ሁሉንም ነገር በብየዳ የሚያስር ሰው ሰውነቱን አስቀድሞ የሚያውቅ መሆን አለበት፤ እኔ አላውቀውም ነበር።

ወንበሩን ከሶማሌ ተራ አገኘሁት፤ ከተጋጨ ቪትዝ የወጣ የሾፌር ወንበር ከነሐዲዱ። የውድድር ቅርጽ ያላቸው ወንበሮች ያማሩ ናቸው፤ ነገር ግን ሐዲድ ያለው ወንበር ለእኔም ለባለቤቴም ለጋሼም ይሆናል። ሁለት ነገር ልብ ማለት ተገቢ ነው። አንደኛው ከጎኑ ኤርባግ የሚል ምልክት ያለበትን ወንበር መተው ነው፤ ውስጡ የሚፈነዳ ነገር አለና ብየዳና ኤሌክትሪክ አጠገቡ ሊደርስ አይገባም። ሁለተኛው የጀርባው ማጠፊያ ነው፤ መንገድ ላይ ጠንካራ የሚመስለው ማጠፊያ፣ እግር በኃይል ሲገፋ ጥቂት ይለጠጣል። ያቺ ጥቂት ለእግር ብዙ ናት፤ ንባቡ ትክክል ቢሆንም ስሜቱን ታደበዝዛለች። ከጀርባው ኋላ አንድ አግዳሚ ብረት ካስደረግሁ በኋላ ፍሬኑ በድንገት ሌላ ፍሬን የሆነ ያህል ተሰማኝ። ፔዳሉን አልነካሁትም ነበር።

የፔዳሉን ሙሉ መጠን መጀመሪያ 50 ኪሎ ላይ ሞላሁት፤ የእውነተኛ ፎርሙላ አንድ ሾፌሮች ከ100 ኪሎ በላይ እንደሚረግጡ ስላነበብኩ 50 አሳፋሪ መስሎኝ ነበር። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ጭኔ ሲንቀጠቀጥ ትክክለኛነቴ አብሮ ጠፋ። አሁን 38 ላይ ነው። እነዚያ ሾፌሮች ሲቀንሱ የገዛ ሰውነታቸው ክብደት እግራቸውን ወደ ፔዳሉ ይገፋላቸዋል፤ ሳሎን ውስጥ ያንን የሚያግዝ ማንም የለም።

ያንኑ መሪ፣ ያንኑ ስክሪን

ሞተሩን አልቀየርኩትም። 5 ኒውተን ሜትር ማለት 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው መሪ ጠርዝ ላይ ሦስት ኪሎ ተኩል ገደማ የሚስብ ኃይል ነው፤ በጥርስ የሚሠሩት የተለመዱት መሪዎች ከዚህ በግማሽ ያህል ያንሳሉ። ቀድሞ ደካማ ያስመሰለው የእኔው አሞላል ነበር። ሁሉ ነገር እንዲከብድ ብዬ የኃይሉን መጠን እስከ ጥግ ከፍቼው ስለነበር፣ ጨዋታው የሚልከው ምልክት ሞተሩ ከሚችለው በላይ ሆኖ ጣሪያው ላይ ይቆረጥ ነበር። ድምፁ እስከ መጨረሻ የተከፈተ ትንሽ ቴፕ ዘፈኑን እንደሚያንቋርረው ማለት ነው። በረጅም ጠመዝማዛ ውስጥ ጎማው መክዳት ሲጀምር መሪው መቅለል ነበረበት፤ የእኔ መሪ ግን ከጣሪያው ስለማይወርድ ምንም አይነግረኝም ነበር። መጠኑን ስቀንሰው እጄ ላይ ያለው ክብደት አነሰ፣ ወሬው ግን በዛ። ጠረጴዛው መንቀጥቀጡን አቁሞ መሪው በብረት ላይ መታሰሩም ከወሬው ውስጥ የእንጨቱን ድርሻ አወጣለት።

ስክሪኑ ደግሞ ከሁሉም ያነሰ ወጪ የጠየቀና ከሁሉም የበለጠ ያሳፈረኝ ነው። 27 ኢንች ስክሪን በወርዱ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። እኔ ከእርሱ አንድ ሜትር ርቄ እየተቀመጥኩ፣ ጨዋታው የ90 ዲግሪ ዕይታ እንዲያሳየኝ አድርጌው ነበር። ከዚያ ርቀት ግን ስክሪኑ በዓይኔ ፊት የሚሸፍነው 33 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ዓለም በዚያች ጠባብ መስኮት ውስጥ ሲታጨቅ ሁሉም ነገር አንሶና ርቆ ይታያል፤ የፍሬን ምልክቶቹም ከእውነታው በላይ ሩቅ ይመስላሉ። አሁን ስክሪኑ ከመሪው ሞተር ጀርባ፣ ከዓይኔ 60 ሴንቲ ሜትር ላይ ቆሟል፤ ትክክለኛው ዕይታ በወርድ 53 ዲግሪ ነው፤ በምጫወተው ጨዋታ፣ በአሴቶ ኮርሳ ውስጥ የሚሞላው የቁመቱ ዕይታ ስለሆነ 31 አድርጌዋለሁ። የመጀመሪያው ቀን እንደ ፈረስ ዓይን የተጋረድኩ መሰለኝ፤ የጎን መስታወቶቹ ጠፉ። በሦስተኛው ቀን ግን ምልክቱን ሳይሆን መንገዱን እያየሁ ፍሬን መያዝ ጀመርኩ።

ስለ መብራት ብዙ አልልም፤ አንባቢ ያውቀዋል። ሌስሞ በተባለው የሞንዛ ጠመዝማዛ ላይ በሦስተኛነት እየነዳሁ የጠፋብኝ ዕለት ከዩፒኤስ በፊት ምን ገዝቼ እንደነበር ማስታወስ አልፈልግም። 

ጋሼ ለገና መጡ። ብረቱን ዞረው አዩት፣ የበያጁን ሥራ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፣ የቪትዙን ወንበር ሐዲድ ወደ ፊት ሳቡና ተቀመጡ። ሞንዛን ልከፍትላቸው ስል በእጃቸው አቆሙኝ፤ ስክሪኑ እንደጠፋ ፍሬኑን ያዙ፣ ለቀቁ፣ እንደገና ያዙ፣ በጣም በዝግታ ለቀቁ። ወንበሩ የትም አልሄደም። ቆይተው «ከመጀመሪያው ጀምሮ ይነክሳል» አሉ። «መኪና እንዲህ አይደለም። እግር ፍሬን ላይ መድረሱን የሚያውቅባት ትንሽ ባዶ ቦታ ያስፈልገዋል።» ብሩጎላ አምጣ አሉኝ። በጉልበታቸው ተንበርክከው ጎማውን ያቀፈውን ብሎን ሁለት ዙር አላሉት፤ ሦስት ሚሊ ሜትር ብትሆን ነው። ከዚያ ስክሪኑን እንዳበራ ነገሩኝ።

በመጀመሪያው ጠመዝማዛ ላይ ዘግይተው ያዙና ሰፋ ብለው ወጡ። በሁለተኛው ዙር አለፉት። በአራተኛውና በአምስተኛው ዙር መካከል የነበረው ልዩነት የሰከንድ ሁለት አሥረኛ ነበር፤ እኔ ያንን ለማግኘት ወራት ፈጅቶብኛል። ቡናው እንደቀዘቀዘ ባለቤቴ ሁለት ጊዜ ነገረቻቸው። ሦስቱን ሚሊ ሜትር እስካሁን አልመለስኳትም።